አባታቸውን የሚያስጠሩ ቃላት

ምዕራፍ ሰባት

በምዕራፍ ሦስት የቋንቋዎችን የዘር ሐረግ ስንከታተል እንግሊዝኛን ከጀርመንኛ፣ ከደችኛና ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አግኝተነው ነበር። ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ ንግድ፣ ሃይማኖትና ጦር ቃላትን ከአገር አገር እንዴት እንደሚያሻግሩ አይተናል። ሁለቱን ስናገናኝ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከአንድ ቤተሰብ የተወለዱ ሁለት ቋንቋዎች አሉ እንበል፤ አንዱ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ስሙን ከውጭ ይዋሳል፣ ሌላው በእጁ ካሉት ቃላት ስም ይሠራል። ይህ ልዩነት ቋንቋውን ለሚማር ሰው ምን ያመጣበታል?

መልሱን የምንፈልገው እንግሊዝኛንና አይስላንድኛን ጎን ለጎን አስቀምጠን ነው። እንግሊዝኛን የመረጥኩት አብዛኛው አንባቢ ቃላቱን እየሸመደደ ስላደገ ነው። አይስላንድኛ ሕዝቧ 400,000 ገደማ የሆነ የአንዲት ደሴት ቋንቋ ቢሆንም፣ የእንግሊዝኛን ጠባይ አጋልጦ ለማሳየት እንደሱ የሚመች የለም።

ስለ አጻጻፍ ሁለት ማሳሰቢያ። የሁለቱንም ቋንቋ ቃላት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ምላስ በጥርስ መካከል ገብቶ የሚወጣው ድምፅ ግን ለእኛ ስለሌለን በ«ስ»ና በ«ዝ» ተክቼዋለሁ። ስለዚህ አይስላንዳዊ ቢሰማን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ስድስት ሐኪሞች

ከአንድ የእንግሊዝኛ ተማሪ ደብተር እነዚህን ስድስት ቃላት እናውጣ፦ «ቬተሪናሪያን»፣ «ፒዲያትሪሽያን»፣ «ዴንቲስት»፣ «ኦፍታልሞሎጂስት»፣ «ሰርጅን»፣ «ሳይካያትሪስት»። ሁሉም ሐኪሞች ናቸው። የመጀመሪያው እንስሳትን፣ ሁለተኛው ሕፃናትን፣ ሦስተኛው ጥርስን፣ አራተኛው ዓይንን ያክማል፤ አምስተኛው ቀዶ ጥገና ያደርጋል፤ ስድስተኛው የአእምሮ ሕመም ይመለከታል። ተማሪው ከዚህ ቀደም «አኒማል»፣ «ቻይልድ»፣ «ቱዝ» እና «አይ» የሚሉትን ቀላል ቃላት አጥንቷል። ግን ያ ጥናት እዚህ አይረዳውም። «ቱዝ» ጥርስ መሆኑን ማወቁ «ዴንቲስት» ማን እንደሆነ አይነግረውም። ስድስቱን ቃላት አንድ በአንድ፣ እንደ አዲስ፣ መሸምደድ አለበት።

አሁን በስተቀኝ የአይስላንድኛውን ዓምድ እንጨምር፦ «ዲራላይክኒር»፣ «ባርናላይክኒር»፣ «ታንላይክኒር»፣ «ኦይግንላይክኒር»፣ «ስኩርዝላይክኒር»፣ «ጌዝላይክኒር»። ለዓይን እንግዳ ቢሆኑም ጆሮ ቶሎ አንድ ነገር ይይዛል፤ መጨረሻቸው አንድ ነው። «ላይክኒር» ሐኪም ማለት ነው። ከፊቱ የተቀጠሉት ደግሞ አንድ የአይስላንድ ሕፃን ትምህርት ቤት ሳይገባ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው፦ እንስሳ፣ ልጆች፣ ጥርስ፣ ዓይን፣ መቁረጥ። የመጨረሻው፣ «ጌዝ»፣ የሰው መንፈስና ስሜት ነው። አንዱን «ላይክኒር» የያዘ ተማሪ የስድስቱንም ቃላት ግማሽ ይዟል።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማሰብ የለበትም። እኛም የእንስሳት ሐኪም፣ የሕፃናት ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም፣ የዓይን ሐኪም ነው የምንለው።

የሚገርመው እንግሊዝኛም የ«ላይክኒር» ወንድም ነበረው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሐኪም «ላቼ» ይባል ነበር። በኋላ «ፊዚሽያን» እና «ዶክተር» በፈረንሳይኛና በላቲን በኩል ገብተው ቦታውን ያዙት። ዛሬ እንግሊዛዊ «ሊች» ሲባል የሚታየው ደም የሚመጠው አልቅት ብቻ ነው።

የማን ልጅ ነህ?

በአይስላንድና በኢትዮጵያ መካከል ጥቂቶች የሚያውቁት አንድ መመሳሰል አለ። አይስላንዳውያን በአብዛኛው የቤተሰብ ስም የላቸውም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፣ ከዚያ የማን ልጅ እንደሆነ ይነገራል። በ1980 ተመርጣ እስከ 1996 ድረስ ፕሬዚዳንት የነበረችው ቪግዲስ ፊንቦጋዶውቲር የስሟ ሁለተኛ ክፍል «የፊንቦጊ ልጅ» ማለት ነው፤ «ዶውቲር» ሴት ልጅ፣ «ሶን» ወንድ ልጅ። የስልክ ማውጫቸውም እንደኛው በራስ ስም ፊደል ተራ የሚሄድ ነበር። ፈረንጅ አገር ቅጽ ሲሞላ የአባቱ ስም መጠሪያው ሆኖበት የተቸገረን ኢትዮጵያዊ፣ አይስላንዳዊ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ቃላታቸውንም በዚህ መንገድ ማየት ይቻላል። «ባርናላይክኒር» ስትሉት የማን ልጅ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ አባቱ እዚያው ሰፈር ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። «ፒዲያትሪሽያን» ግን የራሱን ስም ብቻ ተናግሮ ዝም ይላል። ወላጆች የሉትም ማለት አይደለም፤ ግሪክ አገር ናቸው። ከ«ፓይስ»፣ ልጅ፣ እና ከ«ያትሮስ»፣ ሐኪም፣ የተወለደ ነው። ግሪክኛ ለሚችል ሰው ልክ እንደ አይስላንድኛው የተብራራ ቃል ነው። ችግሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በአብዛኛው ግሪክኛ አለመቻሉ ነው።

የቋንቋ አጥኚዎች የመጀመሪያውን ዓይነት ግልጽ ቃል፣ ሁለተኛውን ድፍን ቃል ይሉታል ብንል አልተሳሳትንም። ግልጽ ቃል ሲከፈት ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው በዚያው ቋንቋ ትርጉም ያላቸው ነው። ድፍን ቃል ተናጋሪው ቢከፍተው ውስጡ የሚያውቀው ነገር የማያገኝበት ነው።

የአባት ስም ያልኩት ለማስረዳት ያህል ብቻ አይደለም፤ ሰዋስዉም አንድ ነው። ፊንቦጊ የሚባለው ሰው ልጁን ሲያስጠራ ስሙ «ፊንቦጋ» ይሆናል፤ ያ ለውጥ እኛ በ«የ» የምንገልጸው ዘርፍ ነው፣ «የፊንቦጊ» እንደማለት። «ባርና» የሚለውም ልክ እንዲሁ «የልጆች» ማለት ነው። መዝገበ ቃላት «ኦርዛቦውክ» ይባላል፤ «ኦርዛ» የቃላት፣ «ቦውክ» መጽሐፍ። ቤተ መጻሕፍት «ቦውካሳፍን»፣ የመጻሕፍት ስብስብ ነው። አይስላንድኛ ቪግዲስን በአባቷ ስም የሚጠራበት ስልትና ሐኪምን ወይም መጽሐፍን የሚሰይምበት ስልት አንድ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ዘርፉ ፊት፣ ባለቤቱ ኋላ፣ እንደ «የልጆች ሐኪም»። የግእዝ ዘር ያላቸው ቃሎቻችን ግን ይገለብጡታል፦ ቤተ መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላት።

የሳይንስ ዘርፎች ላይ ሲደርስ ስልቱ በደንብ ይጎላል። «ፍራይዚ» ዕውቀት፣ ጥናት ነው። «ሊፍ» ሕይወት ሲቀድመው «ሊፍራይዚ»፣ ባዮሎጂ ይሆናል። «ያርዝ» ምድር ሲቀድመው ጂኦሎጂ፣ «ሳውል» ነፍስ ሲቀድመው ሳይኮሎጂ፣ «ስትዮርኑ» ኮከብ ሲቀድመው አስትሮኖሚ፣ «ማውል» ቋንቋ ሲቀድመው ሰዋስው ይወጣል። ዕፅዋትን የሚያጠናው «ግራሳፍራይዚ» ይባላል፤ «ግራስ» እንግሊዝኛም የሚያውቀው ሣር ነው። የኛ «ሥነ» በሥነ ሕይወት፣ በሥነ ምድር፣ በሥነ ልቦናና በሥነ ፈለክ የሚሠራውን ሥራ እነሱ ዘንድ «ፍራይዚ» ይሠራዋል፤ ልዩነቱ የኛው ከፊት፣ የነሱ ከኋላ መምጣቱ ነው።

የአንድ አያት ልጆች

እንግሊዝኛ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመድ መሆናቸው በዕለት ተዕለት ቃላት እስካሁን ይታያል፦ ቤት «ሃውስ» እና «ሁስ»፣ መጽሐፍ «ቡክ» እና «ቦውክ»፣ እናት «ማዘር» እና «ሞውዚር»፣ እጅ «ሃንድ» እና «ሆንድ»፣ ድንጋይ «ስቶን» እና «ስቴይን»፣ ሕልም «ድሪም» እና «ድሮይሙር»። ሌላው ቀርቶ የብዙ ቁጥር አሠራራቸው ይመሳሰላል። እንግሊዝኛ አንድን እግር «ፉት»፣ ብዙውን «ፊት» ሲል፣ አይስላንድኛ «ፎውቱር» እና «ፋይቱር» ይላል፤ መጽሐፍ መጻሕፍት፣ ድንግል ደናግል ማለት ለለመደ ጆሮ ውስጥን ለውጦ ማብዛት እንግዳ አይደለም።

የለያያቸው ታሪክ ነው። ወደ አይስላንድ የሄዱት ሰፋሪዎች ከ870 ገደማ ጀምሮ በአብዛኛው ከኖርዌይ፣ ከፊሎቹ ከብሪታንያ ደሴቶች ተነሥተው ሰው አልባ በነበረች ደሴት ሰፈሩ። ቋንቋቸውን የሚጫን ገዥ ለረጅም ጊዜ አልመጣባቸውም። እንግሊዝ ግን ሁለት ጊዜ በር ተከፈተባት። በመጀመሪያ ቫይኪንጎች፣ የስካንዲኔቪያ ባሕረኞች፣ መጡ፤ በ793 የሊንዲስፋርንን ገዳም ከመቱ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት በሰሜንና በምሥራቅ ሰፍረው ከነዋሪው ጋር ተጋቡ። በ1066 ከፈረንሳይ ኖርማኖች ገቡ፤ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የችሎት ቋንቋ ሆነ፣ ላቲን የትምህርት ቋንቋ እንደሆነ ቀጠለ። በኋላም ምሁራን አዲስ ቃል ሲፈልጉ እጃቸው የሚሄደው ወደ ላቲንና ግሪክ ሆነ።

ኖርማኖች ባመጧቸው ቃላት የተገፉት የአገሬው ቃላት ሁሉ አልሞቱም፤ ብዙዎቹ ትርጉማቸው ጠበበ። ለዚህ ነው የእንግሊዝኛና የአይስላንድኛ ዝርዝር አዘናጊ የሚሆነው። አይስላንድኛ «ዲር» እንስሳ ሁሉ ነው፤ የእንግሊዝኛ ወንድሙ «ዲር» ግን የዱር አጋዘን ብቻ ሆኗል፣ ለእንስሳ «አኒማል» ገብቷልና። «ማቱር» ማንኛውም ምግብ ነው፤ «ሚት» ሥጋ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። «ፉግል» ወፍ ሁሉ ነው፤ «ፋውል» የጓሮ ዶሮና መሰሎቿ። «ሁንዱር» ውሻ ሁሉ ነው፤ «ሃውንድ» አዳኝ ውሻ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን እንኳ የፈረንሳይ ቃል አላጠበባቸውም፤ «በርድ» እና «ዶግ» የተነሡት ከዚያው ከአገሬው ነው። ቃል ያለ ወራሪም ይጠባል።

ቫይኪንጎቹ ያመጧቸው ቃላት ደግሞ የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። እንግሊዝኛ «ስካይ» የሚለውን ከእነሱ ወሰደና ሰማይ አደረገው። አይስላንዳዊ ግን «ስኪ» ሲል ደመና ማለቱ ነው፤ ሰማይ «ሂሚን» ነው። መስኮት ላይ ነገሩ ተገልብጧል። ቫይኪንጎች መስኮትን «ቪንድኦይጋ»፣ የነፋስ ዓይን፣ ይሉት ነበር። እንግሊዞች ተቀብለው «ዊንዶው» አሉት፤ አይስላንዳውያን ራሳቸው ትተውት ዛሬ «ግሉጊ» ይላሉ። የጥንቱ ግልጽ ቃል በተዋሰው ቋንቋ ውስጥ ተደፍኖ ይኖራል፤ «ዊንዶው» ሲል ነፋስና ዓይን የሚታየው እንግሊዛዊ የለም። «ባርን» የሚለውም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ የእህልና የድርቆሽ መጋዘን ነው፤ በጥንቱ ቋንቋ የገብስ ቤት ማለት የነበረ ጥምር ቃል ተፍቆ ያ ቀረ። በአይስላንድኛ «ባርን» ልጅ ነው። ድምፃቸው ገጠመ እንጂ ዘመዳሞች አይደሉም።

በዝምድና ስሞች ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የአባት ስሙ ነገር እዚያ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። እንግሊዝኛ «አንክል»፣ «አንት» እና «ከዝን» የሚሉትን ሦስቱንም ያገኘው ከፈረንሳይኛ ነው። የአባት ወንድም ይሁን የእናት ወንድም ከ«አንክል» አይታወቅም። አይስላንዳዊ የአባቱን ወንድም «ፎዙርብሮውዚር»፣ የእናቱን ወንድም «ሞውዙርብሮውዚር» ይለዋል፤ ቃል በቃል የአባት ወንድም፣ የእናት ወንድም። በጥቅሉ ሊጠራ ሲፈልግ ወንዱን ዘመድ ሁሉ «ፍራይንዲ»፣ ሴቷን «ፍራይንካ» ይላል። «ፍራይንዲ» ደግሞ የእንግሊዝኛው «ፍሬንድ» ወንድም ነው፤ አንዱ ዘመድ ሆኖ ሲቀር ሌላው ጓደኛ ሆነ።

ቃል የሚሠራባት ደሴት

አይስላንድኛ ንጹሕ ቋንቋ ነው የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ማየት ይሻላል። በ1000 ገደማ ክርስትና ሲገባ ቤተ ክርስቲያን «ኪርክያ»፣ ቄስ «ፕሬስቱር»፣ ትምህርት ቤት «ስኮውሊ»፣ ደብዳቤ «ብርዬፍ» አብረውት መጥተዋል፤ ሁሉም መነሻቸው ግሪክ ወይም ላቲን ነው። ዛሬ ፓስፖርት «ቬጋብርዬፍ»፣ የመንገድ ደብዳቤ፣ ይባላል፤ ለጆሮ አገሬኛ ነው፣ ግማሹ ግን ከሮም የመጣ ነው። በኋላም አገሪቱ በዴንማርክ ሥር በነበረችባቸው ዘመናት በከተሞች የዴንማርክኛ ቃላት ሞልተው ነበር።

ቃልን ከራስ መሥራት እንደ ዓላማ የተያዘው በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከቀስቃሾቹ አንዱ፣ የሚገርመው፣ ዴንማርካዊ ነበር፤ የቋንቋ ሊቁ ራስሙስ ራስክ በ1816 የአይስላንድ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር እንዲመሠረት ዋናውን ሚና ተጫውቷል። ባለቅኔውና የተፈጥሮ ተመራማሪው ዮውናስ ሃትልግሪምሶን በ1842 አንድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ከዴንማርክኛ ሲተረጉም ለስበት ኃይል «አዝድራውታራፍል»፣ ወደ ራስ የመጎተት ኃይል፣ የሚል ቃል አወጣ። ቃሉ ዛሬም በትምህርት ቤት ይነገራል። የባለቅኔው ልደት፣ ኖቬምበር 16፣ ከ1996 ጀምሮ የአይስላንድኛ ቋንቋ ቀን ሆኖ ይከበራል። መንግሥታዊው የቋንቋ ምክር ቤት ደግሞ ከ1964 ጀምሮ አለ።

ቃል የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የሞተ ቃል ማንሣት ነው። «ሲሚ» በጥንት ጽሑፎች ክር፣ ገመድ ማለት የነበረ የተረሳ ቃል ነው፤ ቴሌፎን ሲመጣ ከመቃብር አወጡት። በ1906 የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ገመድ ደሴቲቱን ከአውሮፓ ጋር ሲያገናኝ ስሙ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። «ስክያውር» ድሮ መስታወት ባልነበረበት ጊዜ በሣር አፈር በተሠሩ ቤቶች ላይ ብርሃን እንዲያስገባ የሚወጠር ስስ የእንስሳ ሽፋን ነበር፤ አሁን የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ስክሪን ነው።

ሁለተኛው ማጣመር ነው። ኤሌክትሪክ «ራቭማግን» ነው፤ «ራቭ» ዕንቊ መሰሉ የዛፍ ሙጫ አምበር፣ «ማግን» ኃይል። አምበር ሲታሽ ገለባ እንደሚስብ ግሪኮች አይተው ነበር፤ የእነሱ «ኤሌክትሮን» ራሱ አምበር ነው። ስለዚህ «ኤሌክትሪክ» እና «ራቭማግን» ከአንድ ሐሳብ ተወልደዋል፤ ሁለተኛው ይናገረዋል፣ የመጀመሪያው ይደብቀዋል። ከሁሉ የሚወደደው ግን «ቶልቫ»፣ ኮምፒውተር፣ ነው። በ1960ዎቹ ፕሮፌሰር ሲጉርዙር ኖርዳል «ታላ»ን፣ ቁጥርን፣ ከ«ቮልቫ»፣ በጥንት ተረቶች ከምትታወቀው ሴት ነቢይት፣ ጋር አጋጭቶ አወጣው። በቁጥር የምትተነብይ ጠንቋይ መሆኗ ነው። ከዚያ ኢሜይል «ቶልቩፖውስቱር»፣ የኮምፒውተር ፖስታ፣ ሆነ።

የሚወጣው ሁሉ አይጸድቅም። ኤድስ በ1980ዎቹ ሲመጣ ሁለት ስሞች ተፎካከሩ። «ኤይዝኒ» ማጥፋት ከሚል ግስ የተሠራ ሆኖ ድምፁም «ኤድስ»ን ያስታውስ ነበር፤ ብልህ አወጣጥ ነው። ያሸነፈው ግን «አልናይሚ»፣ ለሁሉ ተጋላጭነት፣ ነው። ታማሚውን በስሙ የማያጠፋ ቃል መመረጡ በእኔ ግምት ትክክል ነው። ሙዝን «ብዩጋልዲን»፣ ጎባጣ ፍሬ፣ እንበለው ያሉ ነበሩ፤ ሕዝቡ «ባናኒ» ብሎ ቀጠለ። ፒዛን «ፍላትባካ» ለማለት የተደረገው ጥረትም ከቀልድ አላለፈም። መኪና በሕግና በሰነድ «ቢፍሬይዝ» ነው፤ በሰው አፍ «ቢትል»፣ የ«አውቶሞቢል» ጅራት።

ግልጽነት እስከ የት?

እዚህ ላይ ብዙ የአይስላንድኛ ወዳጆች የሚያጋንኑት ነገር አለ። ቃሉ ግልጽ ስለሆነ ሳይማሩት ይገባል ይላሉ። አይገባም። «ልዮውስ» ብርሃን፣ «ሞውዚር» እናት መሆኑን የሚያውቅ ሰው «ልዮውስሞውዚር» ሲባል ምን ይገምታል? ፋኖስ የምታበራ ሴት? መነኩሲት? ትርጉሙ አዋላጅ ነው። ከተነገረን በኋላ ግን ልጅን ወደ ብርሃን የምታመጣ እናት መሆኗን ከአእምሯችን ማውጣት ይከብዳል። አይስላንዳውያን በ2013 በተደረገ ምርጫ ከቃሎቻቸው ሁሉ ውብ ያሉት ይህን ነው። ቴሌቪዥን «ስዮውንቫርፕ»፣ እይታ ውርወራ፣ ፍልስፍና «ሄይምስፔኪ»፣ የዓለም ጥበብ ነው። ማንም አስቀድሞ አይገምታቸውም፤ አንዴ የሰማም በቀላሉ አይረሳቸውም።

የግልጽ ቃል ጥቅም ለትዝታ ነው እንጂ ለግምት አይደለም። የአባቱን ስም ስለነገረን ብቻ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አናውቅም፤ ዳግም ስናገኘው ግን የማን ልጅ እንደሆነ እናስታውሳለን። «ሃውስኮውሊ» በተለይ ያሳስታል፦ «ሃው» ከፍተኛ፣ «ስኮውሊ» ትምህርት ቤት። በእንግሊዝኛ ቃል በቃል ብንመልሰው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሆናል፤ በዋና ከተማቸው በሬይካቪክ ግን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1911 የተከፈተው የአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ስሙ ይኸው ነው።

ለእንግሊዝኛም ፍትሕ እንስጥ። «ቱዝብረሽ»፣ «ቤድሩም»፣ «ፉትቦል» ሁሉም ግልጽ ናቸው። ቋንቋው ማጣመር አልተሳነውም፤ ነገሩ ወደ ሐኪም ቤት፣ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ልብስ መቀየሩ ነው። በዚህ ምክንያት የአገሩ ተወላጅ ልጅ እንኳ የራሱን ቋንቋ ምሁራዊ ቃላት እንደ ባዕድ ይማራቸዋል። ሸክሙ እሱ ላይ ብቻ አይደለም፤ ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ የሚማር የኛ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይሸከመዋል።

ባለ ሁለት ዓምድ ዝርዝር የማይነግረን

እስካሁን አይስላንድኛ ቀላል መስሎ ከሆነ ሒሳቡ አሁን ይመጣል። «ሆርስ» ፈረስ ነው ብሎ ዝርዝሩ በስተቀኝ «ሄስቱር» ይጽፋል። እንግሊዝኛው በነጠላና በብዙ ከ«ሆርስ» እና «ሆርስስ» ብዙም አይርቅም። አይስላንድኛው ግን ፈረስ ሲሮጥ «ሄስቱር»፣ ሲታይ «ሄስት»፣ ሲሰጡት «ሄስቲ»፣ ነገር የእሱ ሲሆን «ሄስትስ» ነው። በብዙም አራት ቦታ አለ፤ «ፈረሱ» ብለን ለይተን ስንናገር እነዚህ ስምንቱ ይደገማሉ። አንድ ስም አሥራ ስድስት ቦታ አለው ማለት ነው፤ ዝርዝሩ የሚያሳየን አንዷን ነው።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህም ባዶ እጁን አይገባም። «ፈረሱ»፣ «ፈረሱን»፣ «ለፈረሱ»፣ «የፈረሱ» ማለት ያንኑ ሥራ መሥራት ነው። «ሁስ» ቤት ሲሆን ቤቱ «ሁሲዝ» ነው፤ እንግሊዝኛ «ዘ» ብሎ ከፊት የሚያስቀድመውን፣ አይስላንድኛም አማርኛም ከኋላ ይለጥፉታል። ጾታ ላይ ግን እነሱ ይበልጡናል፣ ሦስት አላቸውና። «ቱ»፣ ሁለት፣ የሚለው ቀላል ቃል በስተቀኝ ሦስት መልስ አለው፦ ሁለት ወንድ ስሞች «ትቬይር»፣ ሁለት ሴት «ትቫይር»፣ ጾታ የለሾቹ «ትቮ»። አንድና አንዲት የምንል ሰዎች ነገሩ ቢገባንም፣ እስከ አራት ድረስ እንዲህ መቁጠር አድካሚ ነው።

ይህ ሁሉ ርባታ ከዋናው ሐሳባችን የራቀ አይደለም። «ባርና» የልጆች፣ «ኦርዛ» የቃላት፣ «ፊንቦጋ» የፊንቦጊ መሆኑን የምናውቀው በርባታው ነው። ርባታውን የዘለለ ተማሪ የቃላቱን አባቶች አይለያቸውም።

ዝርዝሩን ማን አዘጋጀው፣ ለማንስ?

የሁለቱ ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት መጀመሪያ የተሠራው ለጥንት ንባብ ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ክሊዝቢ የጀመረው የጥንቱ አይስላንድኛ መዝገበ ቃላት፣ እሱ በ1847 ሲሞት ሳያልቅ ቀረ፤ አይስላንዳዊው ጉዝብራንዱር ቪግፉሶን፣ የቪግፉስ ልጅ፣ ጨርሶት በ1874 በኦክስፎርድ ተሟልቶ ታተመ። ሳጋ የሚባሉትን የጥንት የአይስላንድ ታሪኮች ማንበብ ለሚሹ ምሁራን የተዘጋጀ ነው። ጌይር ዞዬጋ በ1896 ያሳተመው ከእንግሊዝኛ ወደ አይስላንድኛ የሚሄደው መዝገበ ቃላት ደግሞ እንግሊዝኛ ለሚማሩ አይስላንዳውያን ነበር። ዛሬ ዝርዝሩን የሚይዙት ሌሎች ናቸው። ከአይስላንድ ነዋሪ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከውጭ የመጣ ነው፤ ብዙዎቹ ፖላንዳውያን ናቸው። በዓሣ ፋብሪካና በሆቴል እየሠሩ ቋንቋውን የሚማሩት ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ አማካይነት ነው።

ለእነዚህ ሰዎች በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር የሚጎዳቸው ይመስለኛል። በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ከሄድን «ዴንቲስት» ከ«ቬተሪናሪያን» እጅግ ይርቃል፤ በስተቀኝ ያሉት ወንድማማቾች ተበታትነው ይቀራሉ። ዝርዝሩ የሚደረደረው በስተቀኝ ባለው ቤተሰብ ቢሆን ይሻላል፦ ሐኪሞቹ አንድ ገጽ፣ «ፍራይዚ»ዎቹ አንድ ገጽ፣ ከ«ሲሚ» የተወለዱት «ፋርሲሚ»፣ ተጓዡ ስልክ፣ እና «ስንያትልሲሚ»፣ ብልሁ ስልክ፣ አንድ ላይ። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን ጾታውና የዘርፍ መልኩ ይጻፍ። ርባታውን ለማጣራት በሬይካቪክ ያለው የአውርኒ ማግኑሶን የአይስላንድ ጥናት ተቋም በኢንተርኔት በነጻ የከፈተው የመረጃ ቋት አለ።

በእንዲህ ዓይነት ገጽ ላይ እኔ የምወደው «ጌርቪ» የሚጀምራቸውን ነው። «ጌርቪ» ሰው ሠራሽ፣ አስመሳይ ማለት ነው። «ቱንግል» ጨረቃ ስለሆነ ሳተላይት «ጌርቪቱንግል» ይባላል። የስታዲየም ሰው ሠራሽ ሣር «ጌርቪግራስ» ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ መንግሥታትና ኩባንያዎች በቢሊዮን የሚያፈሱበት፣ «ጌርቪግሬይንድ» ተብሏል፤ «ግሬይንድ» የማሰብ ችሎታ ነው። በዚያው ዓምድ፣ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ፣ አያቶች ማታ አውልቀው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሚያስቀምጡት ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ፦ «ጌርቪቴኑር»።